እድራችንና ያልተገኘው ላይብረሪ

የከተማችን ሰው «የለም» ሲል ሰምታችሁት ታውቃላችሁ? ሱቅ ትገቡና «የጓዳ በር ማጠፊያ አለ?» ትላላችሁ። ባለሱቁ ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ «የለም» ይላል። አልፈለገም። ዘወር ብሎ መደርደሪያውን እንኳ አላየም። እናንተ ግን ማጠፊያው ከአናቱ በላይ ተሰቅሎ እያያችሁት ነው። «ያውና!» ስትሉት ቀና ይልና «እሱማ አለ» ይላችኋል፤ ፈልጎ ያገኘላችሁ እሱ ይመስል ምስጋና ይጠብቃል።

እኔ ከዚህ «የለም» ጋር ዕድሜዬን ሙሉ ስታገል ኖሬአለሁ። ሥራ የጀመርኩት አትክልት ተራ ሽንኩርት በመሸከም ነው። እዚያ ከወገብ ሕመም በቀር ያተረፍኩት ነገር ቢኖር መቁጠር ነው። ከመኪና ሲወርድ እቆጥራለሁ፣ ከበረንዳ ሲነሳ እቆጥራለሁ። አንድ ጆንያ ሲጎድል ሌላው «ሌባ!» እያለ ሲጯጯህ እኔ ዞር ዞር ብዬ ከጎመን ክምር ሥር አወጣዋለሁ። በዚሁ ፀባዬ ሱቅ ከፈትኩ፣ በዚሁ ፀባዬ ልጆች አሳደግኩ፣ በዚሁ ፀባዬ የእድራችን ንብረት ያዥ ሆንኩ። ዛሬም ቤተ ክርስቲያን ስገባ ከጸሎቱ በፊት ምሰሶውን እቆጥራለሁ። እግዜር ይቅር ይበለኝ። ቁጥሩ ግን ትክክል ነው።

ታዲያ በዚህ ዕድሜዬ፣ ሚስቴ «አሁንስ አርፈህ ብትቀመጥ ምን አለበት» በምትለኝ ጊዜ፣ ከሁሉ የባሰውን «የለም» የነገረኝ ሰው አይደለም። ኮምፒውተር ነው።

ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ። ስለ እድር ለእናንተ አላስረዳም፤ ዕቃችንን ግን ላስተዋውቃችሁ። በየቤታችን ድንኳን የለም። በየቤታችን ለሁለት መቶ ለቀስተኛ ወጥ የሚሠራበት ድስት የለም። አንድ ድንኳን አለ፣ እሱም የሁላችን ነው። ሞት የአንዱን በር ሲያንኳኳ ይወጣል፣ ሐዘኑ ሲያልቅ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ በእኔ ተቆጥሮ ይገባል። በዚህ ዓይነት አያቶቻችን ተሸኙ፣ አባቶቻችን ተሸኙ። አንድም ሰው ድንኳን ገዝቶ አልሞተም።

እድራችን የተመሠረተው ከሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ማዶ በነበረው ሰፈራችን ነው። ሰፈሩ ለልማት ሲነሳ አባሉ ገላን፣ አራብሳ፣ የካ አባዶ፣ ኮዬ ፈጬ እያለ በየአቅጣጫው ተበተነ። እኔና ጥቂቶች የፒያሳን ዳር ዳር ይዘን ቀረን። ዕቃ ቤቱም ፈረሰ። ዕቃውን ግን በገዛ እጄ ቆጥሬ፣ በጭነት መኪና አስጭኜ፣ ከአትክልት ተራ ጀርባ ባለ የአንድ አባላችን ሰፊ ግቢ ውስጥ አስገባሁት። አንዲት ጭልፋ አልጎደለችም። ለኮሚቴው ሪፖርት አቀረብኩ፣ ኮሚቴው አጨበጨበልኝ። ለጥሩምባ ነፊያችን ለባንቴ ግን ማንም አልነገረውም። እኔ ጸሐፊው ይነግረዋል ብዬ፣ ጸሐፊው ደግሞ ደምሴ ይነግረዋል ብሎ።

ባለፈው ክረምት አንድ አባላችን አረፉ። እኔ የልጅ ልጄን ክርስትና ላስነሳ ከከተማ ወጥቼ ነበር። ባንቴ ዕቃው ገና እዚያው መስሎት እንደ ልማዱ ጎረምሶች አስከትሎ ድንኳን ሊያወጣ ወደ ድሮው ዕቃ ቤት ሄደ። ያገኘው የቆርቆሮ አጥር ነው። አጥሩን ዞረው፣ ተመለሰ፣ ለሐዘንተኛው ቤተሰብ «ድንኳኑ የለም» አለ። ለቀስተኛው በካፊያ ጃንጥላ ዘርግቶ ቆመ። ድንኳናችን ግን እዚያው ቅርብ፣ በደረቅ ክፍል ውስጥ፣ ተጠቅልሎ ተኝቶ ነበር!

ሽፈራው የተነሳው ከዚያ በኋላ ነው። ሽፈራው አብሮ አደጌ ነው፤ ጡረታ የወጣ የመሬት ቀያሽ። ዕድሜውን ሙሉ መሬት ሲከፋፍል ስለኖረ አንድ ሙሉ ነገር ሲያይ እጁን ይበላዋል። «እድሩ ሞቷል» አለ። «ሬሳውን ይዘን አንዙር። ንብረቱን ተካፍለን በሰላም እንለያይ።» ሐሳቡ ብዙ ደጋፊ አገኘ። ድስቱን መካፈል ይቻላል፣ ወንበሩንም ይቻላል። ድንኳኑን ግን እንዴት አድርገን? ምሰሶው ለገላን፣ ሸራው ለአራብሳ?

ለዚሁ ጉዳይ ጠቅላላ ጉባኤ ሁለት ጊዜ ተጠራ፤ ሁለቱንም ጊዜ ምልዓተ ጉባኤ ሳይሞላ ተበተነ። በደንባችን መሠረት ደግሞ ሦስተኛው ጥሪ ላይ የመጣው ሰው፣ ቢያንስም ቢበዛም፣ ይወስናል። ይህ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ገብቷችኋል? ሦስተኛው በተጠራበት እሁድ ከሰዓት በኋላ ሽፈራውና በቅርብ ያሉ ጓደኞቹ ብቻ ከመጡ፣ ከአያቶቻችን የተረከብነው እድር ለሻይ በማይበቃ ጊዜ ውስጥ ይፈርሳል። ርቀው ያሉት ካልመጡ አለቀልን። ስልክ እየደወልኩ ለመንኳቸው። አንዱ «እሞክራለሁ ጋሼ» ይላል። አንዷ «ጉልበቴን አሞኛል» ትላለች። በእኛ አገር «እሞክራለሁ» ማለት ምን ማለት እንደሆነ ደግሞ ታውቁታላችሁ።

በዚህ ጭንቅ ውስጥ ነው ምሕረት የመጣችልኝ። ምሕረት ነፍሳቸውን ይማርና የሰፈራችን መምህር የነበሩት ሰው ልጅ ናት። ቤተሰቡ ጴንጤ ነው፤ አባቷ ያረፉ ጊዜ መዝሙሩ ሁሉ የተዘመረው በእኛው ድንኳን ውስጥ ስለሆነ ድንኳኑን እንደ ዘመድ ነው የምታየው። አምስት ኪሎ አካባቢ ባለ መሥሪያ ቤት ሶፍትዌር ትሠራለች።

«ጋሼ» አለችኝ፣ «ባንቴ ኮዬ ፈጬ ድረስ የሚሰማ ጥሩምባ የለውም። መልእክት ግን ይደርሳል። አንድ ጊዜ የሚጻፍ፣ ለአባል ሁሉ ስልክ የሚሄድ ፕሮግራም ሠርቻለሁ። ማን እንዳረፈ፣ ቀብሩ የት እንደሆነ፣ ድንኳኑ የት እንዳለ ሁሉ ይናገራል። ቅዳሜ ለስብሰባው ጥሪ እንልክበታለን፤ እሁድ ደግሞ ለጉባኤው እናሳየዋለን።»

ተነስቼ ሳምኳት።

ፕሮግራሙ በእሷ ላፕቶፕ ላይ ይሠራል። ግን ላፕቶፑ የመሥሪያ ቤቷ ነው፤ የአባላትን ስልክ ቁጥር እዚያ ላይ አላስገባም አለች። እኔም ደስ አለኝ፤ የሰው ቁጥር የትም አይዝረከረክም። ስለዚህ ፕሮግራሙ መሥራት ያለበት በእድሩ በራሱ ኮምፒውተር ላይ ነው። እሱ ደግሞ አንድ አባላችን ከቢሮው ሲወገድ ለምኖ ያመጣልን አሮጌ ዕቃ ነው። ሲከፈት እንደ ወፍጮ ያጓራል። ድስቶቹ መካከል አንዲት ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠነዋል።

ቅዳሜ ረፋድ ዕቃ ቤት ተገናኘን። እኔና ምሕረት ብቻ አይደለንም፤ ሽፈራውም መጥቷል። ለነገው ክፍፍል ንብረቱን ሊቆጥር! አስቡት፤ እኛ በአንድ ጥግ እድሩን ልናድን ላይ ታች እንላለን፣ እሱ በሌላው ጥግ ጭልፋ ይቆጥራል። ቀያሽ ነውና ድስቱን ከውፍረቱ ጋር፣ ወንበሩን ከስንጥቁ ጋር ነው የሚመዘግበው።

ምሕረት ፕሮግራሙን በፍላሽ አምጥታ ኮምፒውተሩ ላይ ጫነችው፤ የአባላቱንም ስልክ ቁጥር ከእድሩ መዝገብ አስገባች። የስልክ ካርድ የሚገባባትን ትንሽ ዕቃ ሰካች። አስነሳችው። ኮምፒውተሩ አንዲት መስመር እንግሊዝኛ ጻፈና ዝም አለ።

«ምን አለ?»

«የጋራ ላይብረሪ ጎድሎኛል፣ የለም፣ ነው የሚለው።»

«የምን ላይብረሪ?»

«ዕቃ በሉት ጋሼ። ፕሮግራሞች በጋራ የሚጠቀሙበት ዕቃ። እያንዳንዱ ፕሮግራም ከስልክ ካርድ ጋር እንዴት እንደሚነጋገር ከባዶ ተነስቶ አይማርም። ይሄን ሥራ የሚችል አንድ ላይብረሪ ይቀመጣል፤ የፈለገው ሁሉ በሚያስፈልገው ሰዓት ጠርቶ ይጠቀምበታል።»

«እድር ነዋ!»

ሳቀች። «እድር ነው።»

ደስታዬን እንዴት ልግለጽላችሁ! እስከዚያን ቀን ኮምፒውተር ማለት ለእኔ እያንዳንዱ ለብቻው በር ዘግቶ የሚያፈጥበት ነገር ነበር። ለካ ውስጡ እድር አቋቁመዋል! ለካ እዚያም ድንኳን የሚዋስ አለ፣ ድንኳን የሚያጣም አለ!

ላይብረሪው በእርግጥም እዚያ ኮምፒውተር ላይ አልነበረም። ምሕረት ላይብረሪው የሚሠራበትን ጥሬ ጽሑፍ ከኢንተርኔት አወረደችና እዚያው ልትገነባው ጀመረች። ስክሪኑ ላይ ጽሑፍ እንደ ክረምት ውሃ ወረደ። ምን እንደሚል አልገባኝም፤ መስመሮቹን ልቆጥር ሞክሬ አቃተኝ፤ ይህም ሰው ሆኜ አጋጥሞኝ አያውቅም።

ግንባታው ጊዜ ስለሚወስድ ምሕረት ዘወር ብላ «የሙከራ መልእክት እንጻፍ እስኪ። ማን አረፈ ልበል?» አለችን።

የአንድ በሕይወት ያለ ሰው ስም ሰጥታችሁ «አረፈ» ታስብላላችሁ? እኔ አላስብልም። ሽፈራውም፣ ያ የማያምን የሚመስለው ሰውዬ፣ ጭልፋውን አስቀምጦ አማተበ።

«የፈጠራ ስም ልስጠው?» አለች።

«የፈጠራ ስም ያለው ሰው አንድ ቦታ አይጠፋም» አልኳት።

ሽፈራው ከድስቶቹ መካከል ሳቀ። «ጊዜው የደረሰውን ጻፊዋ ልጄ። እድሩን! እንዲህ በይ፦ ‹ውድ አባላት፣ እድራችን ስላረፈ ሥርዓተ ቀብሩ ነገ እሁድ ከቀኑ ስምንት ሰዓት በዕቃ ቤቱ ግቢ ይፈጸማል።› ሰዓቱም ቦታውም ትክክል ነው፤ ውሸት የለበትም።»

ምሕረት እኔን አየችኝ። ተናድጄ ስለነበር «ጻፊው» አልኩ። «ማሽኑም ይስማው።»

ጻፈችው።

ግንባታው አለቀ። ላይብረሪው ተሠራ! ፋይሉን በስሙ አሳየችኝ፤ ይኸው፣ ከነክብደቱ፣ ከነሰዓቱ ተቀምጧል። ደረታችንን ነፍተን ፕሮግራሙን አስነሳን።

የለም።

«እንዴት የለም?!» ብዬ ጠረጴዛውን መታሁት። «አሁን በዓይኔ አየሁት እኮ! ያውና!» በሱቅ በር ላይ እንደቆመ ሰው ጣቴን ወደ ስክሪኑ ቀሰርኩ። «ጠይቂው እስኪ፤ የት የት ሄዶ ነው ያጣው?»

«እሱን እየጠየቅኩት ነው» አለች፤ ጣቶቿ ቀድመውኝ ቁልፎቹ ላይ ይሮጣሉ። ኮምፒውተሩ ፕሮግራሙ የሚዋሳቸውን ላይብረሪዎች ሁሉ ደረደረ። በእያንዳንዱ ትይዩ ዕቃው የተገኘበት ቤት ተጽፏል። ይሄ እዚህ አለ፣ ያ እዚያ አለ። አንዱ ትይዩ ብቻ፣ የእኛው አዲሱ ትይዩ፣ «አልተገኘም» ይላል።

«አያችሁ» አለች ምሕረት፣ «ይሄን የሚሠራ አፈላላጊ አለ። ፕሮግራሙ ሲነሳ እየዞረ ዕቃ የሚያሰባስብለት እሱ ነው። የሚያንኳኳው ግን የሚያውቃቸውን ቤቶች ብቻ ነው። አዲሱ ላይብረሪ ሌላ ፎልደር ውስጥ ነው የተቀመጠው። እዚያ መኖሩን ማንም አልነገረውም።»

ከወንበሬ ተነሳሁ። «ባንቴ!»

«ማን?»

«ባንቴ ነዋ! ይሄ ያንቺ አፈላላጊ ባንቴ ነው! ድንኳኑ አለ፣ ደህና ነው፣ ደረቅ ነው፤ ሰውዬው የሚሄደው ግን ወደ ቆርቆሮ አጥሩ ነው! ሽፈራው፣ ስማ! ድንኳን ጠፋ ብለህ እድር ታፈርሳለህ፤ የጠፋው እኮ አድራሻ ነው!»

ሽፈራው ከወንበር ክምሩ ጀርባ ሆኖ «አልሰማሁም፣ እየቆጠርኩ ነው» አለ። ሰምቷል።

ምሕረት የአዲሱን ፎልደር አድራሻ አንዲት ትንሽ ፋይል ውስጥ ጻፈች፤ ከዚያ አፈላላጊው የሚያውቃቸውን ቤቶች እንደገና ዞሮ እንዲመዘግብ አዘዘችው። አለቀ። ይኸው ነው! ያን ሁሉ ሰው በካፊያ ያቆመብን፣ ሁለት ጉባኤ ያስጠራብን፣ ይህችን የምታክል ወሬ ለባንቴ አለመንገራችን ነው። «አስነሺው!» አልኩ።

አስነሳችው። ሌላ መስመር መጣ።

«አሁንም የለም ነው የሚለው?»

«አይደለም፣ አይደለም፣ ተሻሽሏል!» ምሕረት እጇን አፋተገች። ይህች ልጅ ስህተት ሲቀየርላት የሠርግ ጥሪ የመጣላት ያህል ነው የምትደሰተው። «አሁን ሁሉንም አግኝቷል። ግን ከሚዋሳቸው አንዱ፣ ስልክ ቁጥሮቹን የሚያስቀምጥልን፣ አሮጌ ነው። ስሙ በላፕቶፔ ላይ ካለው ጋር አንድ ነው። የእኔ ፕሮግራም የሚያዘውን አንዲት ሥራ ግን ይሄኛው አያውቅም።»

ሽፈራው ይህን ጊዜ ቆጠራውን አቁሞ መጣ። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ በትከሻዋ በኩል አየ። «እና ልጄ፣ ይሄ ሁሉ መዋዋስ ምን ያደርጋል? አንዱ አሮጌ፣ አንዱ አዲስ፣ አንዱ የት እንዳለ የማይታወቅ። ፕሮግራሙ የሚያስፈልገውን ሁሉ ጠቅልሎ ለራሱ መያዝ አይችልም?»

«ይችላል ጋሽ ሽፈራው። ሁሉንም አብሬ ጨፍልቄ አንድ ላይ ልሰፋው እችላለሁ።»

«አየህ ደምሴ!» ፊቱ በራ። «ማሽኑ እንኳን ገብቶታል። ሁሉም የየራሱን ይዞ ወደ ቤቱ!»

ያዳነችኝ ምሕረት ናት።

«ይቻላል ግን አላደርገውም» አለች። «አንደኛ፣ ፕሮግራሙ ያብጣል፤ ይሄ ኮምፒውተር ደግሞ ቦታ የለውም። ሁለተኛ፣ ላይብረሪ ላይ ቀዳዳ ቢገኝ አንዱን የጋራውን ስትጠግኑ ሁሉም ይድናል። ሁሉም የየራሱን ከያዘ ግን እየዞራችሁ የእያንዳንዱን መጠገን ነው። ያኔ የሚረሳ አይጠፋም።» ትንሽ ቆይታ ጨመረች፦ «የእርስዎን ክፋይ ድንኳን ሲቀደድ ማን ይሰፋልዎታል?»

ሽፈራው መነጽሩን ከግንባሩ አወረደ፣ ጠረገው፣ ወደ ድስቶቹ ተመለሰ። ልጄ ብትሆን ኖሮ ያን ዕለት በሬ አርድላት ነበር።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አለች ለራሷ። «ልብሱን በሌላ ሰው ቁመት ሰፍቼ አምጥቻለሁ። እዚሁ መለካት ነበረብኝ።» የፕሮግራሙን ጥሬ ጽሑፍ ወደ እድሩ ኮምፒውተር አመጣችና እዚያው፣ እዚያ ባለው ዕቃ ልክ፣ እንደገና ልትገነባው ጀመረች። ገና ሳይጨርስ እምቢ አለ፤ ያቺኑ ሥራ አላውቃትም አለ። ምሕረት ደግሞ ይህንን ነው የጠበቀችው። አሮጌው ላይብረሪ ያንኑ ሥራ የሚሠራበት ሌላ የድሮ ዘዴ አለው፤ መስመሩን ፈልጋ በዚያ ተካችው። ገነባች። ሌላ ቅሬታ መጣ፣ አስተካከለች፣ ገነባች። አስነሳች፣ አኮረፈ። አስተካከለች፣ አስነሳች። እኔ ከኋላዋ ሆኜ በእያንዳንዱ «አስነሺው!» እላለሁ። ጎል ሊገባ ሲል እንደሚነሳ ተመልካች እነሳለሁ፣ እቀመጣለሁ።

ከዚያ አንድ ጊዜ አስነሳችውና ምንም አላለም።

ዝም። አንድም ቅሬታ የለ። የስልክ ካርዱ የገባባት ትንሽ ዕቃ ላይ ያለችው አረንጓዴ መብራት ብልጭ አለች። ደግማ ብልጭ አለች። ከዚያ ማቆሚያ የሌለው ብልጭታ!

«ሄደ!» ብላ ዘለለች። «ጋሼ ሄደ!»

«ሄደ!» ብዬ አቀፍኳት። ሽማግሌ መሆኔን ረሳሁ፤ ድስት ክዳን አንስቼ እንደ ከበሮ መታሁ።

በዚህ መሐል የሽፈራው ኪስ ጮኸ። ስልኩን አወጣ። በዝግታ፣ እንደ ቀያሽ፣ አነበበ። ከዚያ ቀና ብሎ አየን።

«እድራችን ስላረፈ ይላል» አለ።

የድስቱ ክዳን ከእጄ ወደቀ።

ምሕረት አፏን በእጇ ያዘች። «የሙከራው... ለራሴ ስልክ ብቻ ላደርገው ነበር። ፕሮግራሙ ገና ሲነሳ ስለሚሞት፣ መላክ ላይ ስለማይደርስ፣ ጋሼ፣ ከስህተቱ ብዛት ረሳሁት!» ወደ ማሽኑ ተስፈንጥራ ልታቆመው ስትሞክር መብራቷ ራሷ ቆመች። ሥራዋን ጨርሳለች። መልእክቱ ለአባል ሁሉ ደርሷል። ለጥሩምባ ነፊው ለባንቴም ሳይቀር።

«ቶሎ ማስተባበያ ልላክ» አለች። ልትልክ ስትል ሒሳቡ አልቋል። «ጋሼ፣ ካርድ!»

ሮጥኩ። በእርግጥ እኔ ስሮጥ ለሌላው ሰው መራመድ ነው። ወደ ድልድዩ መውረጃ ካለች አንዲት ካርድ ሻጭ ደረስኩ። ስልኬ ይጮህ ጀመር። የገላኑ ነው። «ጋሼ ምንድነው የሰማሁት? እድሩ ምን ሆነ?» ሌላ ተደወለ። የአራብሳዋ እትዬ አስካለ ናት፤ ያቺ ጉልበቷን ያመማት፤ እያለቀሰች ነው። «ደምሴ፣ እውነት ነው? ነገ ስምንት ሰዓት? በየት በኩል ነው የምገባው?» ሌላ ተደወለ። ሌላ። ሁለት ጊዜ ለስብሰባ ስለምናቸው «እሞክራለሁ» ያሉኝ ሁሉ፣ አሁን ሳልጠይቃቸው መንገድ ይጠይቁኛል!

ካርድ ሻጯ «የስንት ልስጥዎት አባባ?» አለችኝ።

ቆምኩ። ቆጠርኩ። የሚመጡትን በቤተሰብ፣ በሰፈር፣ በአውቶቡስ ቆጠርኳቸው። ቁጥሩ እጅግ ጥሩ ነበር።

«ይቅር ልጄ» አልኳትና ተመለስኩ።

ለምሕረት «ካርድ የለም» አልኳት። ይህች ልጅ ሞኝ አይደለችም፤ የድልድዩን አካባቢ ታውቀዋለች። አየችኝ፣ ከንፈሯን ነከሰች፣ ኮምፒውተሩን ዘጋች።

እሁድ በስምንት ሰዓት ግቢው አልበቃ አለ። ባንቴ ይህን ጊዜ እኔው አድራሻውን ነግሬው ወደ ትክክለኛው ቦታ መጥቶ፣ በትክክለኛው ቦታ፣ ትክክለኛውን ድንኳን ተክሎታል። አውቶቡስ የሚያወርደው ነጠላ ያዘቀዘቀ፣ ጥቁር የለበሰ ሰው ነው። ተበታትነው ዓመት ሙሉ ያልተያዩ ጎረቤቶች አንገት ለአንገት ተያይዘው ያለቅሳሉ። ግማሹ ለእድሩ ነው፤ ግማሹ ለሰፈሩ ይመስለኛል። ሰብሳቢው ምልዓተ ጉባኤ መሙላቱን ተናገሩ። እኔ ተነስቼ ስለ አፈላላጊው፣ ስለ አድራሻው፣ ስለ ደረቁ ድንኳን ተናገርኩ። ምሕረትም የዕቃ ቤቱን አዲስ አድራሻ ከእድሩ ኮምፒውተር ላይ ላከች፤ በዚህ ጊዜ ካርድ ገዝተናል፤ ድንኳኑ ውስጥ ያለው ኪስ ሁሉ ባንድ ጊዜ ጮኸ። ያን ድምፅ ብትሰሙት! እንዲህ ያለ ጥሩምባ በፒያሳ ተነፍቶ አያውቅም።

ይፍረስ የሚል እጅ ሲጠየቅ ሽፈራውና አጠገቡ ያሉ ጥቂቶች አወጡ። ይቀጥል የሚል ሲጠየቅ ቆጠራው ለእኔም አስቸገረኝ። እድሩ ዳነ!

ጮቤ ልረግጥ ስነሳ እትዬ አስካለ ከዘራዋን ተደግፋ ከእኔ ቀድማ ተነሳች።

«ቆይ ደምሴ። ለስብሰባ ሁለት ጊዜ ስትጠሩኝ ጉልበቴን አሞኝ ቀረሁ። ዛሬም ያመኛል። ግን ቀብር ይቀራል? ሌሊቱን ሙሉ ሳለቅስ አደርኩ። ለመሆኑ ይሄን የሐሰት መርዶ ማነው ያስነገረው?»

ምሕረት አፏን ልትከፍት ስትል በዓይኔ አቆምኳት። ሽፈራውን አየሁት። ሽፈራው የድንኳኑን ጣሪያ እያየ ነው።

«ኃላፊው እኔ ነበርኩ» አልኩ።

ደንባችን ግልጽ ነው፤ ሲጸድቅ እኔም እጄን አውጥቼበታለሁ። የሐሰት መርዶ ያስነገረ የኮሚቴ አባል ከቦታው ይነሳል። ድምፅ ተሰጠ። በሕይወት የተረፈው እድራችን የመጀመሪያ ሥራው እኔን ማውረድ ሆነ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ብዙም አልከፋኝም፤ ሊያወርደኝ የሚችል እድር መኖሩ ራሱ ትልቅ ነገር ነው።

«ታዲያ ንብረቱን ማን ይያዝ?» አሉ ሰብሳቢው። «ዕቃውን የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል።»

ከዚያ ሽፈራው፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ ምላሱ ስላሳከከው ብቻ፣ ይዘረዝር ገባ። ትልቁ ድስት እጀታው የላላ፣ ሁለተኛው ድስት ቂጡ የሳሳ፣ ወንበር ከነስንጥቁ፣ ምሰሶ ከነዝገቱ። አንድ ሳያስቀር። ለመከፋፈል ብሎ የቆጠረውን ሁሉ በቃሉ ይዞታል። ሕዝቡ አጨበጨበ። እሱ እየተቃወመ፣ እጁን እያወናጨፈ፣ «እኔ እኮ ይፍረስ ያልኩ ነኝ!» እያለ፣ በሙሉ ድምፅ ተመረጠ።

የዕቃ ቤቱን ቁልፍ ከአንገቴ አውጥቼ ሰጠሁት። በመዳፉ ላይ አገላብጦ አየው። ፊቱ ሲለወጥ አየሁ፤ አንድ ሙሉ ነገር ሲሰጡት የመጀመሪያ ጊዜው መሰለኝ። ከዚያ ድንገት ዘወር ብሎ «ማነው ወንበር የሚጎትተው? አንሱት! አይጎተትም!» ብሎ አምባረቀ። ጉባኤተኛው ተሳስቆ መበተን ጀመረ። እኔ አንዲት ጥግ ላይ ወንበር ስቤ ቁጭ ብዬ፣ ሥራ የሌለው ሰው ምን እንደሚያደርግ እያሰብኩ ሳለ፣ ሽፈራው ወንበሩን አንድ በአንድ እየነካ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ እኔ ዘንድ ደረሰ።

«ተነስ ደምሴ» አለኝ። «ልቆጥረው ነው።»

ተነሳሁለት።